ኮሽም ስኳር አይጠግብም

ደርበው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት በቅሎ አከራይ ነበር። ቱሪስት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ሲወጣ በቅሎዋን እየሳበ የሚሄድ፣ ጉርሻ ሲሰጡት ጎንበስ ብሎ የሚቀበል፣ ማንንም የማይጎዳ ሰው። የሱ እናትና የኔ እናት ከአንድ ምንጭ እየቀዱ ነው ያሳደጉን። ስለዚህ አብዮቱ መጥቶ የላሊበላ ሰው ሁሉ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ» ሲለው እኔ «አንተ» ማለቴን አልተውኩም። ሰው ይደነግጥልኝ ነበር። ምኑ እንደሚያስደነግጥ አይገባኝም፤ በቅሎዋን ሸጠ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አላየሁበትም።

አያ አባስን ያሰረው እሱ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልናገር።

አያ አባስ የወልድያ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ደሴ ከአንድ ጣሊያን ወጥ ቤት ገብተው ሙያ ተማሩ፤ ኋላ ላሊበላ ላይ ሆቴል ሲከፈት ዋና ምግብ ሠሪ ሆነው መጡ። እኔ ባሌ የሞተ ዓመት ሳህን አጣቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። «እጅሽ ፈጣን ነው፤ አፍሽ ደግሞ ከእጅሽ ይፈጥናል» እያሉ ከሳህን ወደ ድስት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ሆቴሉ ሲወረስ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ተሾመልን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ የኛ ወጥ እንዲያውም ቅቤው ጎደለ። ቅቤው ወዴት እንደሚሄድ ሥራ አስኪያጁን በሰው ፊት ጠየቅሁት። በሳምንቱ ተባረርኩ። አያ አባስ ያን ቀን ሽርጣቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አጥፈው አስቀመጡና ከኋላዬ ወጡ። ማንም ውጡ አላላቸውም። ቤት ስንደርስ «ምን ነካዎት?» ብላቸው «አንቺ ሳትኖሪ ማንን እቆጣለሁ?» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ማርማላታ መሥራት ጀመርን፤ በኔ ግቢ፣ በእሳቸው የመዳብ ድስት። እኔና አያ አባስ ወጥ ሠርተን ብንሸጥ ኖሮ ድስታችን አይገናኝም ነበር፤ እሳቸው የሙስሊም ሥጋ፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ። ፍሬ ግን አይታረድም። «ቢስሚላሂ» ብለው ይጥዱታል፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አማስለዋለሁ፣ ማርማላታው ሁለታችንንም ተቀይሞ አያውቅም።

ፍሬው የአጥሬ ኮሽም ነው። አያቴ ጅብ እንዳይገባ ብለው በግቢው ዙሪያ የተከሉት እሾህ። ሲበስል ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ይሆናል፤ ግን ኮምጣጣ ነው፣ የበላው ሰው አንድ ዓይኑን ሳይጨፍን አይውጠውም። ልጆች በጨው ይበሉታል፣ ከዚያ ውጪ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አያ አባስ ናቸው አንድ ቀን ፍሬውን ቀምሰው «ይህ እኮ ከትርንጎ ይበልጣል» ብለው የጀመሩት። ፍሬው ተቀቅሎ፣ በወንፊት ተጨምቆ፣ በስኳር ተንተክትኮ ሲረጋ ቀይ ይሆናል። ትኩሱን በተቀቀለ ጠርሙስ ገልብጠን፣ ላዩን በቀለጠ ሰም ደፍነን፣ ክዳኑን እንከድናለን። እንዲህ የተደፈነ ማርማላታ እስከ ሁዳዴ ይቆያል። በሁዳዴ ደግሞ ቅቤና ወተት የራቀው ሰው ዳቦውን በምን ያወርዳል? የገዳም ሰው ሳይቀር ጠርሙስ ይልክብን ነበር።

የቀረው ስኳር ነው። ስኳር በዚያ ዘመን በቀበሌ ካርድ ነበር የሚታደለው። አዲስ አበባ ላይ ሰው ተሰልፎ ይጋፋበታል ይሉ ነበር። የኛ ሰው ግን ቡናውን በጨው ነው የሚጠጣው፤ አባቱም በጨው፣ አያቱም በጨው። ስኳር ለሱ የሳል መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ድርሻውን ተቀብሎ በቀጥታ ወደኛ ያመጣል፣ በምትኩ ማርማላታ ይወስዳል። ስኳሩን አያ አባስ ቤት ነበር የምናጠራቅመው፤ የኔን ቤት ጉንዳን አያስቀምጠውም።

እኔ ለመድፈኛ የሚሆን ሰም ልገዛ ገነተ ማርያም በሄድኩበት ቀን ከክፍለ ሀገር አንድ ተቆጣጣሪ መጣ። ቤት ለቤት ዞረ። አያ አባስ ቤት ገብቶ የስኳር ጆንያ አገኘ። ያ ሰው ስኳር ብርቅ ከሆነበት ከተማ ነው የመጣው፤ አንድ ሽማግሌ ይህን ሁሉ ስኳር ያለ ተንኮል ሊያገኝ ይችላል ብሎ ማሰብ አልቻለም። «ከየት አመጣኸው?» አላቸው። የጎረቤቶቹን ስም ከጠሩ ሁሉም ሊታሰሩ ነው። የኔንም ስም አልጠሩም። «የኔ ነው፣ ብቻዬን ነኝ» አሉት። ጎረቤቶች ግን አላስቻላቸውም፤ ከደጅ ተሰብስበው «ጌታዬ፣ እኛ ቡና በጨው ነው የምንጠጣው፣ ስኳሩ ስለሚተርፈን ነው» ብለው ሊያስረዱት ሞከሩ። ተቆጣጣሪው ቡና በጨው ሲባል ያላገጡበት መሰለው። እንዲያውም ባሰበት። «የኢኮኖሚ አሻጥር» ብሎ ደርበውን አዘዘው፤ ሽማግሌው ይታሰር፣ መኪና ሲመጣ ከነጆንያው፣ ከነኤግዚቢቱ፣ ወደ ደሴ ይላክ። አዝዞ ሄደ።

በዚያ ዘመን ደሴ ተላከ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ከኛ ሰፈር ሁለት ወጣቶች ተልከው ነበር። ተመልሶ የመጣው ልብሳቸው ነው።

ከገነተ ማርያም ስመለስ ነገሩን ሰማሁና ሰሙን እንደ ታቀፍኩ ወደ ቀበሌው ሮጥኩ። አያ አባስ የድሮው የእህል መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ምናለ የሚባል የአብዮት ጥበቃ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ በር ላይ ቆሟል። በበሩ ስንጥቅ አነጋገሩኝ።

«ኮሽሙ በሰለ?» አሉኝ።

«በስሏል። አንቱ ስለ ኮሽም ያወራሉ?»

«እንዳይረግፍ ልቀሚው። አብሽሪ፣ አላህ አለ።»

«አላህ አለ፣ እግዜርም አለ፣ መኪናውም ይመጣል» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር። በሳቸው ሳይሆን በስንጥቁ ጥበት። እጄን ላስገባ ብሞክር ጣቴ ብቻ ነው የገባው፤ ጣቴን ያዙኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ተረት እዚያ ላይ አይሠራም፤ የበላ አይጥ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት ደጅ የለም። ደርበው ቤቴን አልፎ ሲሄድ ፊቱን ያዞር ጀመር። ቢሮው ስሄድ «የበላይ ትእዛዝ ነው» ይላል፤ የበላይ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። በመጨረሻ መኪናው ነገ ይመጣል ተባለ።

ያን ዕለት ጠዋት ደርበው ራሱ ቤቴ መጣ። ምናለ ጠመንጃውን አንግቶ ይከተለዋል። ደርበው ደጄ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ያን ጊዜ የሚፈልገው ነገር እንዳለ አወቅሁ።

«ነገ እንግዶች ይመጣሉ» አለኝ። «ከወዳጅ አገር። በአውሮፕላን።»

«እንኳን ደህና መጡ።»

«ለቁርስ ማርማላታ ይፈልጋሉ ተብሏል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቀረ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ላሊበላ የራሷን ማርማላታ ታመርታለች ብሎ ለበላይ አካል ተናግሯል።»

«ጎሽ። ማን ነው የሚያመርተው?»

ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

«አያ አባስ ናቸው» አልኩት። «የት እንዳሉም ታውቃለህ፤ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው።»

«እሱን ተይው ስሜነሽ። እሱ ከኔ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። አንቺም ትችያለሽ አሉኝ።»

ልረግመው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አንድ ነገር ቀደመኝ። «በምን ስኳር?» አልኩት።

ኮፍያውን እያገላበጠ መሬት መሬት አየ። «ስኳር አለ» አለ ቀስ ብሎ።

ምን ስኳር እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ወር የቀበሌው ሱቅ ውስጥ አንድ ፍሬ ስኳር አልነበረም፤ በላሊበላ ያለው ስኳር የአያ አባስ ጆንያ ብቻ ነው። ደሜ ፈላ። አያ አባስ ቤት ሲቀመጥ አሻጥር፣ በደርበው ትከሻ ሲመጣ ልማት። በሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ ፊቱ ላይ እናገረው ነበር። ያን ቀን ግን አፌን ገታሁት፤ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው። ሰውየው ራሱ ምን ተሸክሞ ሊመጣልኝ እንደሆነ አላወቀም።

«እሺ» አልኩት። «ሁሉንም አምጣ።»

«ሁሉንም? ግማሹ አይበቃም?»

«ኮሽም ስኳር አይጠግብም። ግማሹን ካመጣህ አይረጋም፣ ሾርባ ነው የሚሆነው። ለእንግዶቹ ሾርባ ታቀርብላቸዋለህ።»

ደርበው የቅርቡን እንጂ የራቀውን ፍርሃት አያይም። ከመኪናው በፊት አውሮፕላኑ ይመጣል፤ ስለዚህ ከመኪናው ይልቅ አውሮፕላኑን ፈራ። ምናለን ላከው። ስኳሩ ከነጆንያው መጣ፤ ማሠሪያው ላይ የራሴ ቋጠሮ አለ።

ያን ቀን የሰፈሩ ሴቶች ኮሽም ለቀማ ገቡልኝ። አሰለች የምትባል በዕድሜ የገፋች ጎረቤቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እሾሁ ክንዷን እየቧጨራት፣ ለምን እንደምትለቅም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀችኝም። ሌሎቹም አልጠየቁም። አጠብን፣ ቀቀልን፣ በወንፊት ጨመቅን። ጠርሙሶቹ በሌላ ድስት ጨርቅ ላይ ተቀምጠው እየተቀቀሉ ነው፤ ሰሙ በጣሳ እየቀለጠ ነው። ደርበው ማንም ስኳሩን እንዳይቀምስ ብሎ አጠገቤ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጆንያውን ገልብጬ የመጨረሻውን ፍሬ አራግፌ ስጨምር ዓይኑ ባዶው ጆንያ ላይ ቀረ፤ አንድ ነገር ሊያስብ የጀመረ መሰለኝ። ግን አልጨረሰውም።

ማርማላታ ሲጀምር ገራም ነው። ይፈላል፣ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውን ትገፊያለሽ፣ ወሬ ታወሪያለሽ። ወደ መጨረሻው ግን ጠባዩ ይለወጣል። አረፋው ይጠፋና ከባድ ከባድ ፊኛ ያወጣል፤ ፍንጣሪው እጅ ይልጣል። ከዚያ በኋላ ማማሰያው ከድስቱ ወለል ከተነሣ አለቀ፤ ታቹ ይይዛል፣ ከያዘ ያርራል፣ የማረር ሽታው ወደ ላይ የወጣ እንደሆነ ድስቱ በሙሉ የውሻ ነው፤ ውሻም ከበላው። አያ አባስ «እዚህ ሰዓት ላይ እናትሽ ብትሞት እንኳ አማስለሽ ጨርሰሽ አልቅሺ» ይሉኝ ነበር።

እዚያ ሰዓት ላይ ስንደርስ ማማሰያውን ከድስቱ አወጣሁና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩት። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ቁጭ አልኩ።

ደርበው አየኝ። «ምነው?»

«ደከመኝ።»

«ኧረ ይይዛል።»

«ይያዝ።»

«ስሜነሽ፣ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። አያ አባስን አምጣልኝ፤ ገመድ ሳይኖርባቸው፣ በእግራቸው። ያን ጊዜ አማስላለሁ።»

መጀመሪያ ሣቀ። ከዚያ ምናለን «አንተ፣ አማስል» አለው። ምናለ ጠመንጃውን ለደርበው ሰጥቶ ማማሰያውን ነከረ፤ አንድ ትኩስ ፍንጣሪ የእጁን ጀርባ ስታገኘው ማማሰያውን ጥሎ ወደ ውሃው ጋን ሮጠ። ደርበው ራሱ ተነሣ። ሁለት ጊዜ አዟዟረ። ሦስተኛው ጉንጩ ላይ አረፈበት። እኔ ከተቀመጥኩበት ነው የማየው።

«አሥርሻለሁ» አለኝ፣ ጉንጩን ይዞ።

«እሠረኝ። ድስቱንም አብረህ እሠረው።»

«በአብዮት ላይ ነው እኮ የምታምጪው፤ ይህን መሣሪያ አየሽው?»

«አየሁት። ተኩስ። ድስቱን እንዳትበሳው ብቻ፤ የአያ አባስ ነው።»

ድፍረት አልነበረም። ሰው ድፍረት ይለዋል፤ እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ ይበልጥ ነበር፤ ንዴት ደግሞ ጥሩ ምርኩዝ ነው። ሽታው ለወጥ አለ። ገና ማረር አይደለም፣ የማረር ዋዜማ ነው፤ ሙያ ያለው አፍንጫ ብቻ ያውቀዋል።

«ደርበው» አልኩት፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እናቶቻችን ምንጭ ዳር እንደሚያወሩት። «ነገ መኪናው ሲመጣ ከአያ አባስ ጋር ምን ልትልክ ነው?»

«ጆንያውን…» አለና ወደ ጆንያው ዞረ። ባዶው ጆንያ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኤግዚቢትህ እየፈላ ነው» አልኩት። «ካረረ፣ ለእንግዶቹ ባዶ ሳህን፣ ለደሴ ባዶ ጆንያ ነው የምታቀርበው። ስኳሩን ማን በላው ሲሉህ ምን ትላለህ? የረጋ እንደሆነ ግን ማርማላታ አለህ። ስኳሩ ለእንግዶች አቀባበል የተጠራቀመ ነበር፣ ሽማግሌውም ያጠራቀሙት ማርማላታ ሊሠሩበት ነው ትላለህ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ትናገራለህ፤ አይገድልህም።»

ላብ ከኮፍያው ሥር ወረደ። ሁሉንም ስኳር ለምን እንዳስመጣሁት ያን ጊዜ ነው የገባው። «አንቺ አውሬ» አለኝ።

በአጥሩ ላይ የሰው ራስ መታየት ጀመረ። ሽታው ጠርቷቸው ነው። የድርሻቸው ስኳር እዚያ ድስት ውስጥ ነው ያለው፤ የዓመት ማርማላታቸው። አንዳቸውም «ኧረ አማስይው» አላሉኝም። ቆመው ደርበውን ያያሉ። አሰለች ብቻ በለሆሳስ፣ «ደርበው፣ ልጄ፣ አረረ እኮ» አለችው።

ደርበው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለምናለ ወረወረለት። «ሩጥ» አለው።

ምናለ ሮጠ። ያ ጊዜ ከሁሉ የከፋው ነው። ከድስቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። እጄ ወደ ማማሰያው ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ። እሳቱን ልቀንስ ይላል ልቤ፤ አልቀነስኩም። እሳቱን ብቀንስ ደርበው ያያል፣ ካየ የምሳሳለት ነገር እንዳለ ያውቃል። እኔ ደግሞ በጣም ነበር የምሳሳለት። የሰፈሩ ሁሉ አደራ ነው። ታቹ ሲይዝ፣ ጭስ የሚመስል ነገር ከአንድ ጥግ ብቅ ሲል፣ ጥርሴን ነክሼ አየሁት። ይረር አልኩ በሆዴ። ሰው ከሚያርር ይረር።

አያ አባስ ገቡ። ገመድ የለባቸውም፤ የገመዱ ምልክት ግን አንጓቸው ላይ አለ። ከስተዋል፣ ልብሳቸው የእህል አቧራ ለብሷል። ሰላም አላሉኝም። ደርበውንም አላዩትም። በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጠበቅሁዎት ነው።»

«ጠብቂ ብዬሻለሁ? በማርማላታ ላይ?» ቁጣቸው እውነተኛ ነበር። ማማሰያውን አንሥተው ላዩን ላዩን ብቻ ነካኩት። «ታቹን እንዳትነኪው። የያዘው እዚያው ይቅር። ከላይ ቅጂ፤ ቶሎ በይ፣ ጠርሙሱን።»

ቀዳሁ። እሳቸው ጠብታ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጣሉ፣ ሳህኑን አዘነበሉ፣ ጠብታው አልፈሰሰም። «ረግቷል» አሉ። እኔ እቀዳለሁ፣ እሳቸው ሰም ያፈሳሉ፣ አሰለች ትከድናለች። አለቀስኩ። ጭሱ ነው አልልም፤ ሰውየው አጠገቤ ቆመው ስለሚቆጡኝ ነው ያለቀስኩት።

የመጨረሻው ጠርሙስ ሲደፈን ደርበው አያ አባስን ትክ ብሎ አያቸው። ሊመልሳቸው ያሰበ ይመስለኛል። አጥሩ ላይ ያለው ሰው ግን አልሄደም፤ ባዶው ጆንያም ከነሱ መሐል ተንጠልጥሏል። ጠርሙሶቹን ለምናለ አሸክሞ ወጣ።

በማግሥቱ አውሮፕላኑ መጣ፣ መኪናውም መጣ። መኪናው ባዶውን ሄደ። እንግዶቹ ማርማላታውን በሉት አልበሉት አልጠየቅሁም፤ እኔ የሠራሁት ለነሱ አልነበረም።

ደርበው እኔን ማሠር አልቻለም፤ ቢያሥረኝ ስለ ስኳሩ ይጠየቃል። ዝም ብሎ ማለፍም አልቻለም፤ ጉንጩ ላይ የቀላ ምልክት አለበት፣ ሰውም ሲያየው ሣቁን ሊደብቅ አፉን ይዞ ያስላል። ስለዚህ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ቆሜ ግለ ሂስ እንዳደርግ ፈረደብኝ። ግለ ሂስ ማለት ሰው በጉባኤ ፊት የራሱን ጥፋት ራሱ የሚዘረዝርበት ነው። ተናጋሪው አንገቱን ደፍቶ «አጥፍቻለሁ፣ እታረማለሁ» ይላል፤ ሲጨርስ ጉባኤው ያጨበጭባል፤ ሰውየውም ተቀምጦ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝምተኛ ይሆናል። ስንት ደፋር ሰው በዚያ ጭብጨባ ሲሰበር አይቻለሁ።

አያ አባስ ቅዳሜ ማታ መጥተው መከሩኝ። «በያቸውና ይለፍልሽ» አሉኝ። «ቃል ነው፣ ቃል ሥጋ አይቆርስም። እኔ ወጥቻለሁ፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«እንደገና እንዳይገቡ ነው የምፈልገው» አልኳቸው። ፈርተውልኝ እንደነበር ግን አይቻለሁ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ደርበው ከፊት፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። ስሜን ጠራ፣ ተነሣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። አንገቴን አልደፋሁም፤ ድስት ላይ ብዙ የደፋሁት ይበቃኛል።

«ጓዶች» አልኩ። «ጥፋቴን ልናገር ነው የቆምኩት። የናንተን ስኳር ከታች አንድ ጣት ያህል አሳርሬባችኋለሁ። ድስቱን ስፍቅ ነው የሰነበትኩት፣ እስካሁን አልለቀቀም። ጥፋትሽ እሱ ነው ተብያለሁ። እኔ ሳስበው ግን ጥፋቴ ሌላ ነው። አያ አባስ ያለ በደላቸው ሲታሠሩ፣ ድስት እስኪጣድልኝ መጠበቄ ነው ጥፋቴ። ሰው ታሥሮ ድስት አይጠበቅም። ከእንግዲህ እታረማለሁ። ሁለተኛ ያላጠፋ ሰው ከዚህ ሰፈር ቢታሠር፣ ታቹን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን አሳርረዋለሁ፤ የሚረጋ ጠብታ አላስተርፍም። ግለ ሂሴ ይኸው ነው።»

ተቀመጥኩ። ከኋላ አሰለች ማጨብጨብ ጀመረች። አያ አባስ ተከተሉ። ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፤ ግለ ሂስ ሲያልቅ ማጨብጨብ ደንብ ነውና ማንም ሊከለክል አይችልም። ደርበውም ከጠረጴዛው ኋላ በለመደው እጁ አጨበጨበ። ምን እንደ ሰማ የገባው እጆቹ ከተገናኙ በኋላ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ ማቆም አልቻለም።